ያውቁ ኖሯል? የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ሥር ከሰደደ በኋላ

ለማዳን የሚሰጠው የተለመደ የጨረር ሕክምና 35 ጊዜ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለ7 ሳምንታት። አንዱ ዙር የሚፈጀው ደቂቃዎችን ነው። የወለንጪቲ ሰው ግን ለእነዚያ ደቂቃዎች አዳማን አልፎ አዲስ አበባ መድረስ አለበት። በየቀኑ መመላለስ ስለማይቻል ሁለት ወር ገደማ ማደሪያ መፈለግ ግድ ነው። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ ማዘጋጀቱ ትልቅ ነገር የሚሆነው ለዚህ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ጨረሩ ከተጀመረ በኋላ ማቋረጥ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። በጥናቶች ሲሰላ፣ ሕክምናው በአንድ ቀን በተራዘመ ቁጥር በሽታውን በቦታው የመቆጣጠር ዕድል በአማካይ 1.4 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ ለጤፍ አጨዳ ወይም ለለቅሶ ብሎ አንድ ሳምንት አገር ቤት መግባት ቀላል ነገር አይደለም። ዘመድ «ትንሽ አርፈህ ትመለሳለህ» ሲል በደግነት ነው፤ ግን መባል የለበትም።

ያውቁ ኖሯል? ማሽን ሳይጨመር ውጤት ማሻሻል ይቻላል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ያስተባበረውና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ጥናት፣ 900 ሕሙማንን ይዞ በሳምንት 5 ጊዜ የሚሰጠውን ጨረር 6 ጊዜ ከሚሰጠው ጋር አነጻጸረ። ከ5 ዓመት በኋላ በሽታው በቦታው የተገታላቸው በ5ቱ 30 በመቶ፣ በ6ቱ 42 በመቶ ሆኑ። የአፍ ቁስሉ ግን በ6ቱ ይበረታል።

ያውቁ ኖሯል? የማንቁርት ካንሰር ስለገፋ ብቻ ማንቁርት ይወጣል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ በወጣ ጥናት 332 ሕሙማን በሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በቀዶ ሕክምና ማንቁርታቸው ወጥቶ ጨረር ወሰዱ፣ ግማሾቹ በኬሞ ጀምረው ወደ ጨረር ሄዱ። ከ2 ዓመት በኋላ በሕይወት የቆዩት በሁለቱም ወገን 68 በመቶ ነበሩ። በኬሞ ከጀመሩት ውስጥ 64 በመቶው ማንቁርታቸው ተርፎላቸዋል። ዕጢው የማንቁርቱን ልም አጥንት በስቶ ከወጣ ግን ዛሬም ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ቀዶ ሕክምና ነው። የምላስና የድድ ካንሰርም እንዲሁ፣ መውጣት የሚችል ከሆነ ቢላዋው ይቀድማል። ከአፍንጫ ጀርባ የሚነሣው ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ዋናው መድኃኒቱ ጨረር ነው።

ያውቁ ኖሯል? ከጨረር በፊት የጥርስ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ጨረር ምራቅን ያደርቃል፤ ምራቅ ሲደርቅ ጥርስ ይበሰብሳል። በጨረር የተመታ መንጋጋ ላይ በኋላ ጥርስ ቢነቀል፣ ዓመታት ካለፉም በኋላ እንኳ፣ ቁስሉ ሳይድን አጥንቱ ሊሞት ይችላል። የማይተርፍ ጥርስ ካለ የሚነቀለው ጨረሩ ከመጀመሩ ከ10 እስከ 14 ቀን ቀደም ብሎ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በተለይ በወንጂ በኩል፣ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ የስንቱን ጥርስ እንዳበለዘ እናውቃለን። ያው ፍሎራይድ በጄል መልክ ተዘጋጅቶ ጥርስ ላይ ሲቀባ ግን ጨረር የወሰደን ሰው ጥርስ ከመበስበስ ይጠብቃል። የበለዘ ጥርስ ሁሉ ይነቀል ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ የሚያየው መነቃነቁንና ሥሩን ነው።

ያውቁ ኖሯል? ከጨረር ጋር የሚሰጠው ዋናው ኬሞ ሲስፕላቲን ነው። ኩላሊትንና ጆሮን ስለሚጎዳ በብዙ ፈሳሽ ታጅቦ ይሰጣል። ኩላሊቱ ለማይችል ሰው በሕንድ የተሠራ ጥናት ዶሴታክሴል ከጨረር ጋር ሲሰጥ ከጨረር ብቻ እንደሚሻል አሳይቷል።

ያውቁ ኖሯል? ውድ የሆነው የበሽታ መከላከያ ኃይልን የሚያነቃቃ መድኃኒት በጥቂቱም ይሠራል። የሙምባይ ሐኪሞች ኒቮሉማብን በ3 ሳምንት አንዴ 20 ሚሊግራም ብቻ፣ በአፍ ከሚወሰዱ ርካሽ መድኃኒቶች ጋር ሰጡ፤ የተለመደው መጠን በ2 ሳምንት 240 ሚሊግራም ነው። መዳን ከማይጠበቅላቸው ሕሙማን መካከል አንድ ዓመት የቆዩት ከ16 በመቶ ወደ 43 በመቶ ከፍ አሉ። ለእኛ አገር ኪስ ከዚህ የቀረበ ዜና አላየሁም።

ያውቁ ኖሯል? መዳን በማይቻልበት ጊዜም ለሕመም ማስታገሻ የሚሆን አጭር ጨረር አለ፤ በቀን ሁለቴ፣ ለሁለት ቀን ብቻ። ከ3 ወይም 4 ሳምንት በኋላ ሊደገም ይችላል። ከወለንጪቲ ለሚመጣ ሰው ይህ ማለት የሁለት ወር ስደት ሳይሆን የሁለት ቀን ጉዞ ነው፤ ከሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ስለዚህ አጭር ጨረር ይጠይቁ።