አዲሱ የይፋግ ኬላ

አክስቴ ስልክ መደወል ስትፈልግ ከቤት ትወጣለች። ጓሮ ዞራ ከወይራው ሥር ትቆምና ትንሿን ባለ ቁልፍ ስልኳን ወደ አስፋልቱ አቅጣጫ ከፍ አድርጋ ትጠብቃለች። ምልክቱ ብቅ ካለ ትደውላለች፤ ካላለ በሌላኛው ሲም ትሞክራለች። ስልኳ ሁለት ሲም ይይዛል፤ አንዱ በ09 ይጀምራል፣ ሌላው በ07። «ይኸኛው ሲተኛ ያኛው ይነቃል» ትለኛለች። ሁለቱም የሚተኙበት ቀን ግን አለ። ያን ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ይፋግ ትወርዳለች።

ይፋግ በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዛሬ መኪና ሳይቆም ያልፋታል እንጂ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስሟ ከነጋዴ አፍ የማይጠፋ ገበያና ኬላ ነበረች። እንደ ገንዘብ የሚያገለግለውን አሞሌ ጨው የጫነ ቅፍለት ቀረጥ ሳይከፍል በዚህ አያልፍም ነበር። አሞሌውም ቢሆን በሁሉም አገር እኩል አይመነዘርም፤ ከጨው ምድር በራቀ ቁጥር ይወደዳል። የዛሬው የስልክ ነገር ያንን ኬላ ያስታውሰኛል። የአንዱ ኩባንያ ደቂቃ በሌላው ዘንድ አይመነዘርም፤ አንዱ አገር የተሸጠ ስልክ ሌላው አገር በር ላይ ይቆማል።

የስልኩን መቆም ያየሁት በራሳችን ዕቃ ነው። እኅቴ ከአሜሪካ ለአክስታችን ጥሩ ስማርት ስልክ ላከችላት፣ የልጅ ልጆቿን ፊት እያየች እንድታወራ። ይዤው ይፋግ ወደ አንድ ስልክ ጠጋኝ ሄድኩ። ልጁ ዕድሜው ከሃያ ብዙ አይዘልም። በመርፌ የሲሙን ማስቀመጫ አወጣ፣ የአክስቴን ሲም አስገባ፣ ስልኩን አጥፍቶ አበራ። ይህ ሲም በዚህ ስልክ አይሠራም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። በ07 ሲም ደገመው፤ ያው ነው። ስልኩን ገልበጥ አድርጎ ጀርባውን አየና፣ «ጋሼ፣ ሎክ ነው። የላከችው ሰው ከፍላ ጨርሳለች?» አለኝ።

አልጨረሰችም ነበር። ጥያቄው ከነገሩ ሥር የገባ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ስልክ የሚገዛው ከኔትወርክ ኩባንያው በየወሩ በሚከፈል ዕዳ ነው፤ ዕዳው እስኪያልቅ ወይም ኩባንያው የወሰነው ጊዜ እስኪሞላ ስልኩ ከዚያ ኩባንያ ሲም በቀር ሌላ እንዳይቀበል ይቆለፋል። ቁልፉ የሚያነበው ሲሙ ውስጥ የተጻፈውን መለያ ነው። የእኛ አገር ሲሞች መለያ በ636 ይጀምራል፤ የኢትዮጵያ ቁጥር ይኸው ነው። ስልኩ 636 ሲያይ የሚጠብቀው እንዳልሆነ ያውቅና በሩን ይዘጋል። ካሜራው ይሠራል፣ ዋይፋይ ካለ ኢንተርኔቱም ይሠራል፤ ስልክነቱ ብቻ የለም።

ጠጋኞቹ «ዲኮድ ማድረግ» የሚሉት ይህን ቁልፍ መፍታት ነው። ንጹሑ መንገድ ዕዳውን ጨርሶ ኩባንያውን ራሱን ፍቱልኝ ማለት ነው። አሜሪካ በሐምሌ 2006 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ደንበኛው ስልኩን ማስፈታቱ እንደ ጥፋት መቆጠሩ ቀርቷል፤ ቁልፉ ራሱ ግን አልቀረም። ካናዳ በኅዳር 2010 ስልክ ቆልፎ መሸጥን ጨርሳ ከለከለች፣ ብሪታንያም በታኅሣሥ 2014 ተከተለች። ስለዚህ ስልክ ለምትልኩልን ወገኖች አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ከመላካችሁ በፊት የሌላ ኩባንያ ሲም አስገብታችሁ ሞክሩት። እዚህ ከደረሰ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ገንዘብም ልብም ያደርቃል። ከሲሙ ሥር የሚለጠፍ ስስ ቺፕ አለ፤ ለጥቂት ሳምንት ያሠራና ስልኩ ራሱን ሲያድስ ተመልሶ ይቆለፋል። የይፋጉ ልጅ ይህን እንደማያደርግ በግልጽ ነገረኝ። «ብርዎን ብቻ ነው የምበላው» አለ። ስልኩን ጠርጎ መለሰልኝ።

በእኛም አገር በር ላይ ሌላ ቁልፍ ተሞክሮ ነበር። በመስከረም 2010 ዓ.ም. ያልተመዘገበ ስልክ በአገር ውስጥ ኔትወርክ እንዳይሠራ የሚያደርግ ሥርዓት ተጀመረ። እያንዳንዱ ስልክ 15 አኃዝ ያለው መለያ አለው፤ *#06# ሲደወል ይወጣል፤ የሚመዘገበውም እሱ ነበር። የኮንትሮባንድ ስልክ መከላከልና የተሰረቀ ስልክ ከጥቅም ውጭ ማድረግ ጥሩ ዓላማ ነው። ግን ከዘመድ በስጦታ የመጣ አንድ ስልክ እንደ ኮንትሮባንድ ሲታይ የሚጉላላው ነጋዴው ሳይሆን ተቀባዩ ነው። ግዴታው በኋላ ተነሥቷል።

ቁልፉ ቢፈታ እንኳ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ስልኩ የእኛን ማማ ድምፅ ይሰማል ወይ የሚለው። ራዲዮ ጣቢያ እንደሚፈለግ ሁሉ ስልክም የሚያዳምጠው የተወሰነ ሞገድ ነው። አፍሪካና አውሮፓ የተለመደውን የሞባይል ድምፅ በ900 እና በ1800 ሜጋኸርዝ ሲያደርጉ አሜሪካኖች 850 እና 1900 ላይ ነበሩ። አንዳንዶቹ ኩባንያዎቻቸው ደግሞ ለዓመታት የተጠቀሙት ሲዲኤምኤ የሚባለውን፣ ሲም እንኳ የማይፈልገውን ዘዴ ነው። ሲዲኤምኤ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ቴሌ ለገጠሩ ያከፋፈላቸው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ገመድ አልባ ስልኮች በዚሁ ይሠሩ ነበር። የዛሬ ስማርት ስልክ ብዙ ሞገድ ስለሚይዝ ችግሩ ቀንሷል፤ አሮጌ ወይም ርካሽ የአሜሪካ ስልክ ግን አሁንም ያስቸግራል። የቴሌ 4ጂ በዋናነት የተዘረጋው 1800 ላይ ነው። ስልኩ ያን ካልያዘ ሰውየው 4ጂ አለ በተባለበት ከተማ ተቀምጦ በ2ጂ ይንፏቀቃል፤ ጥፋቱንም ኔትወርኩ ላይ ያላክካል።

የሞገዱ ነገር በእኛ አገር መሬት ላይ ሲወርድ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። ዝቅ ያለው ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ይበሳል፤ ከፍ ያለው ብዙ ዳታ ይሸከማል እንጂ ቶሎ ይደክማል። 2ጂ በአሠራሩ ከአንድ ማማ እስከ 35 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ይህ በፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ማሳ መካከል ቆሞ ለሚደውል ሰው ነው። ከሜዳው ወደ ምሥራቅ ተነሥቶ ወደ እብናትና ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ጉና ተራራ ለሚወጣው ግን ቁጥሩ ትርጉም የለውም። አንድ ጋራ ከመጣ ሞገዱ ቆመ። ከጋራው በስተኋላ ያለች መንደር ከማማው 3 ኪሎ ሜትር ብትርቅም ጨለማ ውስጥ ናት፤ 20 ኪሎ ሜትር የራቀ፣ ግን ፊት ለፊት የሚያይ ኮረብታ ላይ ያለ ሰው ጥርት አድርጎ ያወራል። አክስቴ ወይራው ሥር የምትቆመው ለዚህ ነው። ጎረቤቶቿም የየራሳቸው ድንጋይ፣ የየራሳቸው ጉብታ አላቸው።

አሁን ወደ ኩባንያዎቹ ልምጣ። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሲጀመር አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ ለሃያ ሦስት ዓመትም አንድ ቤት ብቻ ሆኖ ኖረ። ስሙ ተቀያየረ፤ ከኅዳር 2003 ጀምሮ ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ያን ጊዜ አስተዳደሩ ለፈረንሳዩ ፍራንስ ቴሌኮም በውል ተሰጥቶ ነበር፣ ይህን በኋላ አነሣዋለሁ። በነሐሴ 2010 ታሪፉ በብዙ ወረደ፤ ድምፅ በ40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔት በ43 በመቶ። ያንን ቅናሽ ተፎካካሪ ሳይመጣ ማየታችን እስከዚያ ድረስ ምን ያህል ስንከፍል እንደኖርን ያሳያል። ቀጥሎ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም የሚመራው ስብስብ በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አገኘ። ነሐሴ 23 ቀን 2014 ድሬዳዋ ላይ ጀመረ። ባሕር ዳርና ጎንደር ከአዲስ አበባ ቀድመው የሳፋሪኮምን 07 ያዩ ከተሞች ናቸው፤ ይፋግ ደግሞ በሁለቱ መካከል ባለው መንገድ ላይ ናት።

ውድድር ዋጋ ያወርዳል፤ አውርዷልም። ግን ማስታወቂያው የሚነግረን ምርጫ፣ ማለትም የትኛው ጥቅል ይረክሳል የሚለው፣ የከተማ ሰው ምርጫ ነው። ከይፋግ ወጣ ብሎ ለሚኖር ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛው ማማ ለደጄ ቅርብ ነው የሚል ነው። ዋጋ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስለ ጥቅል ሳነሣ አንድ የሚቆረቁረኝ ነገር አለ፤ ጊዜው። ዕለታዊው ጥቅል በ24 ሰዓት ያበቃል፣ ሳምንታዊው በሰባት ቀን። ኔትወርክ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ለሚያገኝ ሰውም ሰዓቱ እኩል ይቆጥራል። እኔ ራሴ ለገና ወደዚያ ስሄድ የገዛሁት ሳምንታዊ ዳታ ሩቡ እንኳ ሳይነካ ጊዜው አልፎበታል። የሸጠልኝ ድርጅት ደንቡን አልጣሰም፤ ደንቡ ራሱ ማማ በሌለበት ለሚኖር ሰው አልተጻፈም። ይህ ሳያንስ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ፤ በአንዳንድ ከተሞች የተመለሰው አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ 09 እና 07 አንድ ሆኑ። ሁለት ሲም መያዝ ምንም አልፈየደም። ከጎንደር ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚመዘገብ ልጅ፣ ውጭ አገር ያለ ልጇን ድምፅ በኢንተርኔት የምትሰማ እናት ዓመቱን እንዴት እንደገፉት እነሱ ያውቃሉ፤ ማንም ካሣ አላሰበላቸውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ልቤን የሚይዘው በአክስቴ ጓሮ ያየሁት ነው። የእኔን ስልክ ይዤ ወይራው ሥር ቆምኩ። የ07 ሲሜ ምልክት የለውም። ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ ኔትወርክ በራሴ ልምረጥ አልኩት፤ ጥቂት ፈልጎ የሁለቱንም ስም ዘረዘረ። የእኔው ደክሟል፣ የሌላው በርትቷል። የሌላውን ነካሁት። አሰበ፣ አሰበና አልተፈቀደም አለኝ። ማማው እዚያው ነው፣ ስልኬ ያየዋል፣ ማማውም ስልኬን አይቶታል። ሁለቱ የተነጋገሩት የእሱ ደንበኛ አይደለህም ለመባባል ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ኬላው። የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ኬላ ከባድ የቴክኒክ ግንብ አለመሆኑ ነው። ሮሚንግ የምንለው ከአገር ስንወጣ ብቻ የሚሆን ነገር ይመስለናል፤ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ይዞ ዱባይ የወረደ ሰው በማያውቀው ኩባንያ ማማ ይደውላል። ያው አሠራር በአገር ውስጥም ይሠራል። ፈረንሳይ ውስጥ ፍሪ የተባለው አዲስ ኩባንያ በጥር 2004 ገበያ ሲገባ የራሱ ማማ ባልደረሰበት ሁሉ ደንበኞቹ በኦራንዥ ኔትወርክ ይደውሉ ነበር። ኦራንዥ ማለት ያው ፍራንስ ቴሌኮም ነው፤ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የእኛን ቴሌ ያስተዳድር የነበረው። ዩክሬን ውስጥ በ2014 ዓ.ም. ከሩሲያ ጋር ጦርነቱ እንደጀመረ ሦስቱ ኩባንያዎች አንዱ የሌላውን ደንበኛ እንዲያስተናግድ ተስማሙ፤ ማማው የተመታበት ሰው በጎረቤት ኩባንያ ማማ ቤተሰቡን አገኘ።

ኩባንያዎቹ የሚያነሡት ክርክር አለ፤ ማማ የተከለ ሰው ላልተከለው ለምን ያካፍል የሚል። ውሃ የሚያነሣ ክርክር ነው። ዛሬ አንዱ የሌላውን ማማ በኪራይ መጋራቱ ራሱ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ብረቱን መጋራት ግን እያንዳንዱ መሣሪያውን እስኪሰቅል፣ ኃይል እስኪያስገባ፣ ጸጥታው እስኪፈቅድ ይጠብቃል። ሮሚንግ ግን ነገ ይጀመር ቢባል ይጀመራል፣ ተጠቃሚውን ያስተናገደውም በደቂቃ ይከፈለዋል። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ይሁን አልልም፤ እዚያ ይወዳደሩ። አንድ ማማ ብቻ ባለበት ገጠር፣ ለተወሰነ ዓመት፣ ቢያንስ ድምፅና አጭር መልእክት ይሁን ነው የምለው። *127# ደውሎ በቴሌብር ማዳበሪያ የሚከፍል ገበሬ፣ ምጥ ለያዛት ሚስቱ አምቡላንስ የሚጠራ ባል የሚፈልጉት ይህን ያህል ነው።

እስከዚያው ሕዝቡ ሮሚንጉን በራሱ ኪስ ሠርቶታል። ባለ ሁለት ሲም ስልክ ማለት ይኸው ነው። ሁለት ጊዜ ካርድ ይሞላል፣ ሁለት ቁጥር ለዘመድ ይሰጣል፣ ቆይቶ ጥቅም ላይ ያልዋለው ሲም እንዳይዘጋ አልፎ አልፎ ይደውልበታል። ሥራው የኩባንያዎቹ ነበር፣ ወጪውን የቻለችው አክስቴ ናት።

ከአሜሪካ የመጣው ስልክ አሁን ሣጥን ውስጥ ነው፣ በአዲስ ሻሽ ተጠቅልሎ። የእኅቴ ዕዳ ሲያልቅ ይፈታል ተብሏል። ማታ ማታ ታወጣውና አብረው የተላኩትን የልጆቹን ፎቶዎች ታያለች። ባለፈው እሑድ ጠዋት ደውላልኝ ነበር፤ ነፋሱ ይሰማኛል። «አንተ፣ ዛሬ በየትኛው ነው የያዝኩህ?» አለችኝ። ቁጥሩን አየሁት። በ07 ነበር። «ጥሩ፣ እንግዲያው ካርዱን በዚያ ሙላልኝ» አለችና ተቋረጠ።