የደጋው ደን «መነኩሲት»፦ የኦሪዮለስ ሞናካ ስያሜና ምደባ

በጎንደርና በአካባቢው ደጋማ ምድር፣ በተለይም በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ በተጠበቁ የጽድና የወይራ ዛፎች መካከል፣ ራሱና ጉሮሮው ጥቁር፣ አካሉ ደማቅ ቢጫ የሆነ ዘማሪ ወፍ ይኖራል። ሳይንሳዊ መጠሪያው ኦሪዮለስ ሞናካ ሲሆን፣ ስርጭቱ በኢትዮጵያና በኤርትራ የተወሰነ ነው። የዚህ ወፍ የስያሜ ታሪክ፣ መልክን ብቻ ተከትሎ መመደብ እስከ ምን ድረስ እንደሚያስኬድ ያሳያል።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ እስከ 1771 መጨረሻ ቆይቷል። በ1773 ፈረንሳይ ሲደርስ ስለ ኢትዮጵያ አእዋፍ የያዘውን መረጃ ለተፈጥሮ ተመራማሪው ለቡፎን አካፈለ። ቡፎንም ወፉን «ሞሎክሲታ ወይም የአቢሲንያ መነኩሲት» ብሎ መዘገበው። በአማርኛ «መነኩሴ»ን «መለኩሴ» ማለት የተለመደ በመሆኑ፣ ቃሉ «መለኩሲት» የሚለውን አጠራር ያስተጋባ ይመስላል፤ ጥቁሩ ራስ ቆብ የደፋች መነኩሲትን ያስታውሳልና።

ግሜሊን በ1789 ይህንኑ መዝገብ ተከትሎ ተርደስ ሞናካ አለው፤ «ሞናካ» በላቲን መነኩሲት ማለት ነው። ይህ ምደባ ወፉን ሩቅ ከሆነው የተርደስ ወገን ጋር አዛምዶት ነበር። ኋላ ወደ ኦሪዮለስ ወገን ተዛወረ፤ የዘረመል ጥናቶችም የኦሪዮለስ ቤተሰብ ከተርደስ ይልቅ ለቁራዎች እንደሚቀርብ አረጋግጠዋል። የወገኑ ስም ቢለወጥም የዝርያው መጠሪያ ጸንቷል። በቀደሙ መጻሕፍት «ሞናከስ» ተብሎ ከወንዴው «ኦሪዮለስ» ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ነበር፤ ሆኖም ቃሉ ቅጽል ሳይሆን ስም በመሆኑ በጾታ አይለወጥም፤ ስለዚህ «ሞናካ» ተመልሷል።

ዛሬ ሁለት ንዑስ ዝርያዎች ይታወቃሉ፦ የሰሜኑ ሞናካ፣ እና እ.ኤ.አ. በ1899 በዳግማዊ ምኒልክ ስም የተሰየመው የደቡቡ ሜኔሊኪ። ችግሩ ግን ለወፉ ስም የሰጠው ጥቁር ራስ መለያው አለመሆኑ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያም የሚገኘው ኦሪዮለስ ላርቫተስ ተመሳሳይ ጥቁር ራስና ቢጫ አካል አለው፤ የሁለቱ ዜማም በጣም ይቀራረባል። በመስክ ይበልጥ የሚረዳው የክንፍ ላባዎችን ጠርዝ መመልከት ነው፤ በሞናካ ግራጫ ሲሆን በላርቫተስ ወደ ነጭ ያደላል።

የደጋው ደን በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተወስኖ በቀረበት ጊዜ፣ የየዝርያው ስርጭት በትክክል መመዝገቡ ለጥበቃ ዕቅድ መሠረት ነው። በመሆኑም የመስክ መዝገብ «ጥቁር ራስ ያለው ቢጫ ወፍ» በሚል መግለጫ መቆም የለበትም፤ የክንፉን ምልክትና የታየበትን ሥፍራም መያዝ ይኖርበታል።