«ስንተኛ ወጣሽ?»

ሰኔ ላይ ካርዱን ይዞ ደጅ የደረሰ ልጅ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ተብሎ ነው። አማካዩ 85 ቢሆንም ደረጃው 12ኛ ከሆነ ቤቱ ጭር ይላል። (ከ50 ልጅ 12ኛ መውጣት ምኑ ነውር እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።) እንደ በቆጂ ባሉ የሯጭ አገሮች ደግሞ ጥያቄው ከካርድ ወደ መም ከተሻገረ ቆይቷል።

የበቆጂዋ ጥሩነሽ ዲባባ በዓለም መድረክ መጀመሪያ የነበራት መልስ «አምስተኛ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኦስተንድ ላይ በዓለም አገር አቋራጭ የወጣቶች ውድድር ስትሮጥ ገና 15 ዓመቷ ነበር። በ2002 ደብሊን ላይ ሁለተኛ ወጣች። በዚያው ዓመት ኪንግስተን ላይ በዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና 5000 ሜትር መሠረት ደፋር ቀደመቻት፤ አሁንም ሁለተኛ። በ2003 ሎዛን ላይ ወጣቶቹን፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ ፓሪስ ውስጥ አዋቂዎቹን በ5000 ሜትር አሸነፈች። ቀነኒሳ በቀለም ቢሆን በ1999 ፖላንድ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች በተደረገው የ3000 ሜትር ውድድር ተቀድሟል። ዛሬ ወርቃቸውን የምንቆጥር ሰዎች እነዚህን ዓመታት ዘለናቸዋል።

ኖርዌይ ግን ለትንንሽ ልጆች ጥያቄውን ራሱን በስፖርት ደንብ ከልክላለች። የአገሪቱ ስፖርት ማኅበር የልጆች ስፖርት ደንብ ከ1987 ጀምሮ አለ፤ ልጁ 11 ዓመት እስከሚሞላበት ዓመት ድረስ የውጤት ዝርዝርም የደረጃ ሰንጠረዥም አይወጣም። ይህቺው 5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት አገር በ2018ቱ የክረምት ኦሊምፒክ 39 ሜዳሊያ ወሰደች፤ በአንድ የክረምት ኦሊምፒክ እስከዚያ ድረስ ማንም ያን ያህል አልወሰደም። ሜዳሊያው ከደንቡ መጣ ማለቴ አይደለም። ደረጃ ሳይነገረው ያደገ ልጅ ግን ለመወዳደር አልሰነፈም።

ደንቡን እንዳለ ወደ በቆጂ እናምጣ የሚል ካለ ግን እዚህ መሸነፍ ምን እንደሚያስከፍል አላየም። የኖርዌዩ ልጅ በበረዶ ሸርተቴ ቢሸነፍ ማታ እራቱ አይጎድልም። እዚህ ክለብ መግባት ማለት ደመወዝ፣ የታናናሾች ደብተር፣ የአባት ቤት ቆርቆሮ ነው። የክለብ ማጣሪያ ላይ የሚሮጠው አንድ ልጅ ቢሆንም የሚሸነፈው ቤተሰብ ነው። ዕድሜ መቀነስም ሥሩ እዚሁ ነው፤ ቤት ሽንፈትን መሸከም ሲያቅተው የ20 ዓመቱ ጎረምሳ «16 ነኝ» ብሎ ይሰለፋል። በእግር ኳስ ፊፋ ከ2009 ወዲህ ከ17 ዓመት በታች ተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስመረምራል። ማሽኑ አጥንቱን ያያል፤ «ቀንሰህ ተመዝገብ» ያለውን አጎት አያየውም።

ማጣሪያ ያላለፈ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ የሚያሰላስለው የተቀደመበትን የመጨረሻ ዙር አይደለም። በር ላይ ማን ቆሞ እንደሚጠብቀውና ከሰላምታ በፊት ምን ብሎ እንደሚጠይቀው ነው።