ወገብ የያዘው ሰው ምን ያህል ይተኛ?

ወገብ ድንገት ሲይዝ በየቤቱ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «በቃ ጋደም በል፣ እስኪሻልህ እንዳትነሳ።» አንዱ ብርድ ነው ይላል፣ ሌላው ኩላሊት፣ ሦስተኛው ዲስክ ተንሸራቶ። በመንስኤው የማይስማሙት ሁሉ በመተኛቱ ይስማማሉ። ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን የሚያዙት ይህንኑ ነበር። በጥናት ሲፈተሽ ግን ምክሩ አልጸናም።

በ1986 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሪቻርድ ዴዮና ባልደረቦቹ ወገባቸውን ላመማቸው 203 ሰዎች ለከፊሎቹ 2 ቀን፣ ለቀሩት 7 ቀን እንዲተኙ አዘዙ። 2 ቀን የታዘዘላቸው ሰዎች ከሥራ የቀሩበት ቀን በ45 በመቶ አነሰ፤ በማገገም ግን ብዙ ከተኙት አላነሱም። በ1995 ደግሞ የፊንላንድ ተመራማሪዎች በሄልሲንኪ ሠራተኞችን በሦስት መደቡ። አንደኛው ቡድን 2 ቀን ተኛ፣ ሁለተኛው የጀርባ ስፖርት ሠራ፣ ሦስተኛው ሕመሙ በፈቀደለት መጠን የዘወትር ኑሮውን ቀጠለ። ቶሎ ያገገመው ሦስተኛው ነው፤ የተኛው ከሁሉም ዘገየ።

ምክንያቱ ከወገብ አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች በአዋቂ ሰው ላይ የራሳቸው የደም ሥር የላቸውም ማለት ይቻላል። ምግባቸው የሚደርሳቸው ከአጎራባቹ አጥንት ቀስ በቀስ እየሰረገ ነው፤ ስንንቀሳቀስ ጫናው ከፍ ዝቅ ሲል ፈሳሽ ከዲስኩ ይወጣል፣ ተመልሶም ይገባል። በዙሪያቸው ያሉት ጡንቻዎች ደግሞ ሕመም ሲሰማ ቦታውን ለመከላከል ይኮማተራሉ። ሰውየው ሳምንት ሙሉ ከተኛ ጡንቻው ይደክማል፣ ፍርሃትም ይጨመርበታል። የፈራ ሰው ወገቡን ገትሮ ይራመዳል፤ መገተሩ ራሱ ሌላ ሕመም ያመጣል።

«ዲስክ ነው» ብሎ ለመፍረድም መቸኮል አይገባም። በ2015 የታተመ አንድ ግምገማ ምንም የጀርባ ሕመም የሌለባቸውን 3,110 ሰዎች የሲቲና የኤምአርአይ ምስል አሰባስቦ ነበር። ከ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንቶች 96 በመቶው ያረጀ ዲስክ ታይቶባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለውም ከአሥር የወገብ ሕመምተኞች በዘጠኙ ላይ ይህ ነው የሚባል መንስኤ አይገኝም። ኩላሊት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ትኩሳት ወይም የሽንት ለውጥ አብሮ ይመጣል።

ታዲያ ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? ሕመሙ ሲጠና በጀርባ ተኝቶ ከጉልበት ሥር ትራስ ማስገባት፣ ወይም በጎን ተኝቶ ትራሱን በጉልበቶች መካከል ማድረግ ያሳርፋል። ይሁንና በየጊዜው ተነስተው፣ ቤት ውስጥም ቢሆን፣ ወዲያ ወዲህ ይበሉ። ሲነሱ መጀመሪያ በጎን ይዙሩ፣ እግርዎን ያውርዱ፣ ከዚያ በእጅዎ ተደግፈው ይቀመጡ። ሞቅ ያለ ውኃ በሃይላንድ ሞልቶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ወገብ ላይ ማሳረፍ የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል። ውኃ መሸከም የግድ ከሆነም፣ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ነው፤ በሁለት ባለ 10 ሊትር ከፍሎ በግራና በቀኝ መያዝ ጫናውን ያካፍላል።

ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ለጥቂት ቀን ያስታግሳል። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ግን ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ። ፓራሲታሞል በ2014 አውስትራሊያ ውስጥ ከ1,600 በላይ ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ ማገገምን በማፋጠን መድኃኒት ከሌለው ክኒን አልበለጠም። ለስላሳ መታሸት ያዝናናል፤ ወገብን በኃይል መጎተትና ማስነቃነቅ ግን አደጋ አለው።

ቤት ውስጥ የማይጠበቅባቸው ምልክቶችም አሉ። ሽንት እንቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ በሁለቱ ጭኖች መካከል ከደነዘዘ፣ እግር እየሰነፈ ከሄደ በዚያኑ ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ወይም ከመውደቅ በኋላ የመጣ ሕመምም ሐኪም ይሻል፤ የአከርካሪ ቲቢ በአገራችን እንግዳ በሽታ አይደለምና።

ከእነዚህ ውጭ ያለው ድንገተኛ የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይሻላል። ችግሩ ተመልሶ መምጣቱ ነው። በ2024 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት በቅርቡ ያገገሙ 701 ሰዎችን ተከታትሏል። በባለሙያ እየታገዙ ቀስ በቀስ መራመድ የጀመሩት ሰዎች ሕመሙ እስኪመለስባቸው በመካከለኛ ስሌት (ሚዲያን) 208 ቀን ሲቆዩ፣ ይህን እገዛ ያላገኙት ግን የቆዩት 112 ቀን ነው። ግባቸው በ6 ወር ውስጥ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ መራመድ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ወገብዎ ከተሻለዎት በ10 ደቂቃም ቢሆን ይጀምሩ፤ ከሰፈር ሱቅ ደርሶ መመለስም ይቆጠራል።