ዳኛውን ከመክሰሳችን በፊት መዝገባችንን እንይ



ስለ እግር ኳስ ዳኝነት የሚጻፈው ደብዳቤ አብዛኛው ዳኛውን የሚከስ ነው። እኔ ግን ዛሬ ራሴን ልከስ ስለ ተነሣሁ፣ ቦታ ቢያጣብብም ይህችን አስተያየቴን በዓምድዎ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የምሠራው በመንዝ፣ በመሐል ሜዳ ከተማ፣ ባንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኜ ነው። ወጣቶቹ ሠራተኞች የእግር ኳስ ቡድን ባቋቋሙ ጊዜ «ወረቀት የሚይዝልን ሽማግሌ ያስፈልገናል» ብለው የቡድኑ ጸሐፊ አደረጉኝ። ሥራዬም የተጫዋቾችን ስም መመዝገብ፣ ከውድድሩ ኮሚቴ የሚመጣውን ደብዳቤ መቀበልና ማን ስንት ቢጫ ካርድ እንዳለበት ማወቅ ነው።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር ጓሳን ተሻግረን ወደ ግሼ ሄደን ተጫወትን። የጥርን ውርጭ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ በጭነት መኪና ላይ ጋቢያችንን ተከናንበን፣ ጭላዳዎቹ ገና ፀሐይ ሲሞቁ አልፈናቸው፣ ሜዳው ስንደርስ የልጆቹ እግር ደንዝዞ ነበር። ባለሜዳዎቹም ጨዋታው እንደ ተጀመረ አገቡብን። ከዕረፍት በኋላ ግን ልጆቻችን ሞቃቸው መሰለኝ፣ አቻ ሆኑ፤ ቀጥሎም በግራ ክንፍ የሚጫወተው ልጅ ከሩቅ በመታት ኳስ 2 ለ 1 መራን። ወዲያው ዳኛው ሪጎሬ ሰጠብን። «ኳሷን እንጂ ሰውየውን አልነካም» ብለን የጮኽነው ጩኸት ይህ ነው አይባልም። እኔ ራሴ፣ የ56 ዓመት ሰው፣ ከመስመሩ ዳር ቆሜ እዚህ ልጽፈው የማይገባኝን ቃል ተናገርሁ። በረኛችን ኳሷን አዳናት፤ እኛም እየዘፈንን ተመለስን።

ሰኞ ጠዋት ደብተሬን ስገልጥ ያ ጎል ያገባው ልጅ ሁለት ቢጫ ካርድ አለበት። ሁለተኛው ከሦስት ሳምንት በፊት የተሰጠ ነው፤ የኮሚቴው ደብዳቤም የገቢ ቍጥር ተሰጥቶት በገዛ እጄ ፋይል ውስጥ ተኝቷል። በደንቡ መሠረት ልጁ በዚያ ቀን መሰለፍ አልነበረበትም። ለቡድኑ አምበል በምስጢር ብነግረው «ጋሼ፣ ባለቤቱ ያልጠየቀውን ዕዳ ማን ይከፍላል?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ለሁለት ቀን ያህል እኔም እንደዚያው አስቤ ነበር።

በዚህ መካከል የብሔራዊ ቡድናችን የ2005 ዓ.ም. ነገር ትዝ አለኝ። አንባቢዎችም አይረሱትም። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋና ድረስ ሄዶ፣ ጌታነህ ከበደና ሳላዲን ሰዒድ ባገቡት ጎል፣ ባለሜዳውን 2 ለ 1 አሸነፈ። ሰኔ 9 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረታ (አንዷን ያገባልን የራሳቸው ተጫዋች ፓርከር ነበር)፤ ምድቡን ጨረስን ተብሎ ሕዝቡ በየመንገዱ ጨፈረ። በዚያው ቀን ፊፋ ምርመራ መጀመሩን አስታወቀ። ምንያህል ተሾመ በደቡብ አፍሪካና በቦትስዋና ጨዋታዎች ያገኛቸው ሁለት ቢጫ ካርዶች ስለ ነበሩበት ሰኔ 1 ቀን መሰለፍ አልነበረበትም። ፌዴሬሽኑም ስሕተቱን አመነ። በሰው አገር የተገኘው ድል ተሰርዞ 3 ለ 0 እንደ ተሸነፍን ተቆጠረ፤ 13 የነበረው ነጥባችን 10 ሆነ።

ሁለተኛው ካርድ የተሰጠው መጋቢት 15 ቀን ነው። ከዚያ እስከ ሰኔ 1 ቀን 76 ቀን አለ። ዳኛ አንድን ነገር አይቶ ለመፍረድ የሚያገኘው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ አይበልጥም፤ በእርሱ እንጮኻለን። እኛ የጽሕፈት ሰዎች 76 ቀን ተሰጥቶን አንዲት መስመር ሳናነብ ብንቀር ማን ይጮኽብናል?

የተረፈውን ተጫዋቾቹ በእግራቸው ከፈሉት። ጳጉሜን 2 ቀን ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፑብሊክ ጋር መጋጠም ነበረባቸው፤ አገሪቱ በጦርነት ታውካ ስለ ነበር ጨዋታው ብራዛቪል ላይ ተደረገ። በዚያው ቀን ደቡብ አፍሪካ ቦትስዋናን 4 ለ 1 ስላሸነፈች፣ እኛ አቻ ብንወጣ ኖሮ በጎል ብልጫ ወድቀን እንቀር ነበር። ቡድናችን 2 ለ 1 አሸነፈ። ከጎሎቹ አንዷን ያገባው ያው ምንያህል ተሾመ ነው።

በዚያው ዕለት ኬፕ ቨርዴ ቱኒዝን በገዛ ሜዳዋ 2 ለ 0 ድል አድርጋ ነበር። ነገር ግን በቀይ ካርድ የታገደውን ቫሬላን አሰልፋ ስለ ተገኘች ድሉ ለቱኒዝ ተሰጠ። ጥፋቱ የኛ ብቻ አይደለም ለማለት እንጂ፣ ለመጽናኛ የሚሆን ነገር አይደለም።

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ስታሸንፈን፣ ኳሱ የጎሉን መስመር አለፈ አላለፈም የሚለው ክርክር በየቢሮው ስንት ሳምንት ሻይ እንዳቀዘቀዘ አስታውሳለሁ። በመልሱ ጨዋታ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈን ቀረን። ስለዚያ መስመር የተከራከረው ሰው ሁሉ ስለ 76ቱ ቀን ሲናገር ግን አልሰማሁም።

ስለዚህ ረቡዕ ዕለት ለኮሚቴው ደብዳቤ ጻፍሁ። ጥፋቱ የልጁ አለመሆኑን፣ የጸሐፊው መሆኑን ገልጬ ፈረምሁበት። ኮሚቴው ነጥቡን ለባለሜዳዎቹ ሰጠ፤ በዚያም ምክንያት ዋንጫው በሁለት ነጥብ አመለጠን። አምበሉ እስከ ትንሣኤ ድረስ ሰላምታ ነፈገኝ። ጎል ያገባው ልጅ ግን በማግስቱ መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ መጥቶ «ጋሼ፣ እስቲ የኔን ገጽ አሳዩኝ» አለኝ፤ ሁለቱን መስመሮች በጣቱ እየተከተለ አነበበና፣ የሚቀጥለው ጨዋታ መቼ እንደ ሆነ ጠይቆኝ ሄደ።

አሁን የተጫዋቾቹን ስም ዝርዝር፣ ካርዳቸውን በቀይ ቀለም ምልክት አድርጌ፣ ከመዝገብ ቤቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። የአለቃዬ ፈቃድ ገና አልመጣም።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፤
ከመሐል ሜዳ