ሠንጠረዥ ወይስ ሲኤስኤስ? የቡላኦስ ነጋዴ ድረ ገጽ ሲያሠራ

ቡላኦስ ከጅቡቲ ከተማ ሦስት ኮሚዩኖች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ራስ ዲካና ባልባላ ናቸው። እዚያ ለሚነግድ ሰው ድረ ገጽ የሚሠራ ባለሙያ የቋንቋ ጣጣ አይቀርለትም። የመንግሥቱ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ በየቤቱ ሶማሊኛና አፋርኛ ይነገራል፤ ደንበኛው ከኢትዮጵያ ከሆነ አማርኛም ይጨመራል። ፈረንሳይኛው ከግራ ወደ ቀኝ ሲነበብ ዐረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ታዲያ የገጹ ክፍሎች በምን ይደርደሩ?

ሠንጠረዥ ወደ ድረ ገጽ የገባው መረጃ በረድፍና በዓምድ እንዲቀመጥበት ነው። ኔትስኬፕ የተባለው ማሰሻ በ1995 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሠንጠረዥ ማሳየት ሲጀምር ግን ዲዛይነሮች ሌላ ጥቅም አገኙለት። መስመሮቹን አጥፍተው በግራ ማውጫ፣ በመሐል ጽሑፍ፣ በቀኝ ማስታወቂያ አስቀመጡ። ዴቪድ ሲገል በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ ዘዴው ተስፋፋ፤ ክፍተት ለመፍጠር የማይታይ የአንድ ፒክስል ምስል እየለጠጡ መሰካት የዚያ ዘመን ብልሃት ነበር። የሚሠራ ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው አይፈረድባቸውም።

የሌላ መንገድ ሐሳብ ግን ነበረ። ኖርዌያዊው ሆኮን ቪዩም ሊ የድረ ገጽን መልክና አቀማመጥ የሚያዝዘውን ቋንቋ፣ ሲኤስኤስን፣ ያቀረበው በ1994 ነው፤ ከበርት ቦስ ጋር ያዘጋጁት የመጀመሪያው ደረጃ በ1996 መጨረሻ ጸደቀ። የጎደለው የማሰሻዎቹ ብቃት ነው። ኔትስኬፕ 4 ሲኤስኤስን እያዛባ ያሳይ ስለነበር ሠንጠረዡ ለዓመታት ከቦታው አልተነሣም። ገጽን በረድፍና በዓምድ ለመከፋፈል ተብሎ የተሠራውን የሲኤስኤስ ግሪድ ዋና ዋናዎቹ ማሰሻዎች የተቀበሉት ገና በ2017 ነው።

የሲኤስኤስ ትልቁ ነገር ይዘትን ከአቀማመጥ መለየቱ ነው። የገጹ ይዘት የሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል «ይህ አርእስት ነው፣ ይህ ማውጫ ነው» ይላል፤ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ሌላ ፋይል ነው። ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ በጠባብ የስልክ መስታወት ላይም ሦስት ዓምድ ሆኖ ይጨናነቃል። በሲኤስኤስ የተደረደረው ገጽ ግን በስልክ ሲከፈት ክፍሎቹን አንዱን ከሌላው በታች እንዲያወርድ ሊታዘዝ ይችላል። ዐረብኛውን በተመለከተ እውነቱን ለመናገር ሠንጠረዥም አቅጣጫው ከተነገረው ዓምዶቹን ይገለብጣል። የማይገለበጠው «ከግራ ይህን ያህል ራቅ» ተብሎ የተጻፈው ክፍተት ነው። በሲኤስኤስ «ከግራ» በማለት ፈንታ «ከንባቡ መነሻ» ብሎ ማዘዝ ስለሚቻል አንዱ ትእዛዝ ለፈረንሳይኛውም ለዐረብኛውም ይሠራል።

ይህ ማለት ሠንጠረዥ ይጣል ማለት አይደለም። ሲኤስኤስ ወዳጆች ነን የሚሉ አንዳንዶች የዋጋ ዝርዝሩን ሳይቀር በባዶ ሳጥኖች ሲደረድሩት ማየት ያበሳጫል። ከጅቡቲው የናጋድ ባቡር ጣቢያ እስከ አዲስ አበባ ያለውን የባቡር ሰዓት የሚያሳይ ገጽ ቢሠራ፣ ጣቢያው በረድፍ፣ መድረሻና መነሻ ሰዓቱ በዓምድ መግባቱ ተገቢ ነው። በትክክል ከተሠራ ለዓይነ ስውር የሚያነብለት ፕሮግራም ከእያንዳንዱ ሰዓት ጋር የጣቢያውንና የዓምዱን ስም ይነግረዋል። ያው ሠንጠረዥ ለገጽ ማስጌጫ ሲውል ግን ይህ አድማጭ ትርጉም የሌለው ረድፍና ዓምድ ሊቆጠርለት ይችላል።

ኢሜይል ለብቻው ነው። የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም የሆነው አውትሉክ፣ ነባሩ የዊንዶውስ ዓይነት፣ ከ2007 ጀምሮ መልእክትን የሚያሳየው በጽሑፍ ማዘጋጃው በዎርድ ሞተር ስለሆነ፣ ለደንበኞች ማስታወቂያ በኢሜይል የሚልኩ ዛሬም ወደ ሠንጠረዥ ይመለሳሉ።

ከዚያ ውጪ ለአቀማመጥ ሲኤስኤስ፣ ለዝርዝር መረጃ ሠንጠረዥ ይሁን። ገጽ የሚያሠሩ ከሆነም የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት በስልክዎ፣ ያውም በዐረብኛው በኩል ከፍተው ይመልከቱት።