ከቴሌቪዥን መስኮት ወደ ምክር ቤት ወንበር

አንድ ሰው በያዘው ሙያ ታውቆና ተከብሮ ከቆየ በኋላ ሙያውን ትቶ ወደ ሌላ የሥራ መስክ ሲሻገር፣ የሚመለከተው ሕዝብ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ይከፈላል። ከፊሉ «ምን ጎድሎበት ነው?» ብሎ ይገረማል። ከፊሉ ደግሞ «በአንዱ ዝና ላይ ሌላ ዝና ሊጨምር ነው» ብሎ ይጠረጥራል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የእንግሊዛዊቷ ተዋናይት የግሌንዳ ጃክሰን ታሪክ ግን ከሁለቱም ግምት ውጭ ነው። በቴሌቪዥን፣ በፊልምና በቴአትር የከፍታው ጫፍ ላይ የደረሱት እኚህ ሴት የትወና ሥራቸውን እርግፍ አድርገው በመተው ለ23 ዓመታት ያህል በሕዝብ እንደራሴነት ሠርተዋል። በጽሑፋችን የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ግሌንዳ ጃክሰን ሜይ 9 ቀን 1936 በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከሊቨርፑል ከተማ ወንዝ ማዶ በምትገኘው በበርከንሄድ ተወለዱ። አባታቸው ግንበኛ ነበሩ፤ እናታቸውም በሱቅ ሠራተኛነትና በሰው ቤት ጽዳት የቤተሰቡን ኑሮ ይደጉሙ ነበር። ለአራት ሴቶች ልጆች ታላቅ የሆኑት ግሌንዳ ስማቸው የወጣላቸው በዘመኑ በሆሊውድ ፊልሞች ትታወቅ በነበረችው በግሌንዳ ፋሬል ነው። ይሁን እንጂ ለላብ አደር ቤተሰብ ልጅ የፊልም ዓለም ከስም የዘለለ ቅርበት አልነበረውም። በ16 ዓመታቸው ትምህርታቸውን አቁመው ቡትስ በተባለው የመድኃኒት መደብር ተቀጠሩ፤ በዚያም ለሁለት ዓመት ያህል ሠሩ።

ከሥራ በኋላ ባለው ጊዜ በአንድ የአማተር ቴአትር ቡድን ውስጥ መሳተፍ ጀመሩ። ከዚያም በለንደን ወደሚገኘው የንጉሣዊ ድራማ ጥበብ አካዳሚ የሚያስገባቸውን የነፃ ትምህርት ዕድል አገኙ። ትምህርታቸውን ሲያጠናቅቁ ግን የጠበቃቸው እልልታ አልነበረም። መልካቸው በጊዜው ለዋና ተዋናይትነት ከሚፈለገው የቁንጅና ሚዛን ጋር ስለማይስማማ፣ ዕድሜያቸው 40 ዓመት እስኪሞላ ድረስ ብዙ ሥራ ባይጠብቁ እንደሚሻል ተነግሯቸው ነበር። በመሆኑም ለበርካታ ዓመታት ከከተማ ወደ ከተማ በሚዘዋወሩ አነስተኛ የቴአትር ቡድኖች ውስጥ ሲሠሩ፣ ሥራ ሲጠፋም ያገኙትን ሁሉ እየሠሩ የዕለት እንጀራቸውን ሲያበስሉ ኖሩ።

የዕድል በር የተከፈተላቸው በ1964 ነው። በዚያ ዓመት ሮያል ሼክስፒር ኩባንያ ወደተባለው ታላቅ የቴአትር ድርጅት ገቡ። ዝነኛው አዘጋጅ ፒተር ብሩክ ባዘጋጀው «ማራ ሳድ» በተሰኘ ቴአትር የፈረንሳዩን አብዮተኛ ማራን በጩቤ የገደለችውን የሻርሎት ኮርዴን ገጸ ባሕርይ ተጫወቱ። ቴአትሩ ከለንደን አልፎ በ1965 ኒው ዮርክ ድረስ ተጉዟል። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በፍጥነት የሆነ ነው። በ1969 በቀረበው «ዊሜን ኢን ላቭ» ፊልም የመጀመሪያውን፣ በ1973 በቀረበው «ኤ ተች ኦፍ ክላስ» ደግሞ ሁለተኛውን የኦስካር ሽልማት አገኙ። ሁለቱንም ጊዜ በሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ላይ አልተገኙም። በወርቅ የተለበጡት ሐውልቶች የተላኩት ወደ እናታቸው ቤት ነበር። በጽዳት ሥራ ልጆቻቸውን ያሳደጉት እናት ሐውልቶቹን አዘውትረው ከመወልወላቸው የተነሣ የወርቁ ቅብ ለቆ የውስጡ ብረት ብቅ እስከማለት ደርሶ እንደነበር ተዋናይቷ ራሳቸው አውግተዋል።

ሆኖም ግሌንዳ ጃክሰንን ከሕዝቡ ጋር ይበልጥ ያቀራረበው ቴሌቪዥን ነው። በ1971 የእንግሊዝ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን፣ ማለትም ቢ.ቢ.ሲ.፣ «ኤልሳቤጥ አር» የተባለውን በስድስት ክፍል የተዘጋጀ ታሪካዊ ድራማ አቀረበ። እያንዳንዱ ክፍል የአንድ ሙሉ ፊልም ርዝመት ነበረው። ድራማው ከ1558 እስከ 1603 እንግሊዝን የገዙትን የንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊትን ሕይወት ከወጣትነት እስከ ዕለተ ሞት የሚያሳይ ነው። በወቅቱ የ34 ዓመት ሴት የነበሩት ተዋናይት ከልጃገረድነት ተነሥተው እስከ 69 ዓመት አሮጊትነት ያለውን ዕድሜ በሙሉ መጫወት ነበረባቸው። ለዚህም ሲሉ የፊት ፀጉራቸውን እስከ መሐል ራሳቸው ድረስ በምላጭ አስላጩ። ሰው ሠራሽ የራስ ቆዳ መልበስ ይቻል ነበር፤ እሳቸው ግን የተመልካቹን ዓይን ማታለል አልፈለጉም። ይኸው ድራማ በአሜሪካ ሲታይ ሁለት የኤሚ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። በዚያው በ1971 ደግሞ ሞርካምና ዋይዝ በተባሉት ቀልደኞች የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ክሊዮፓትራን ሆነው ሕዝቡን በሣቅ አንፈራፈሩት። ሁለተኛውን ኦስካር ያስገኘላቸው ፊልም አዘጋጅ እሳቸውን የመረጠው ይህንኑ ቀልድ አይቶ ነው።

እንዲህ ያለ ስምና ሀብት የጨበጠ ሰው ምን ፍለጋ ይሄዳል? መልሱ ያለው በዘመኑ የእንግሊዝ ኑሮ ላይ ነው። ከ1979 ጀምሮ ሥልጣን የያዘው የወግ አጥባቂው ፓርቲ መንግሥት በማርጋሬት ታቸር መሪነት የመንግሥትን ድርጅቶች ወደ ግል ይዞታ ሲያዛውርና የሠራተኛ ማኅበራትን ኃይል ሲያዳክም፣ ለሕዝብ አገልግሎት የሚወጣውንም ገንዘብ ለመቀነስ ሲጥር ቆይቷል። ደጋፊዎቹ ይህ የአገሪቱን ኤኮኖሚ ከውድቀት አድኗል ይላሉ። የግንበኛው ልጅ ግን ያዩት ሌላ ነበር። ሥራ አጥ የሆነ ጎልማሳ፣ በሱቅ ደጃፍ የሚያድር ወጣትና የሚያፈስ የትምህርት ቤት ጣሪያ ይታያቸው ነበር። ከቀድሞ ጀምሮ የሌበር፣ ማለትም የሠራተኛው ፓርቲ ደጋፊ ስለነበሩ፣ በመጨረሻ በአስተያየት ብቻ መደገፍ አልበቃቸውም።

ኤፕሪል 9 ቀን 1992 በተደረገው ጠቅላላ ምርጫ በሰሜን ለንደን በሚገኘው በሃምፕስቴድና ሃይጌት የምርጫ ክልል ቀርበው በ1,440 ድምፅ ብልጫ አሸነፉ። ክልሉ እስከዚያ ድረስ በወግ አጥባቂዎቹ እጅ ነበር። ፓርቲያቸው በአገር አቀፍ ደረጃ ለአራተኛ ጊዜ በተከታታይ በተሸነፈበት ምርጫ እሳቸው ማሸነፋቸው ራሱን የቻለ ነገር ነው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 55 ዓመት ነበር።

ከትወና ወደ አስተዳደር የተሻገሩት እሳቸው ብቻ አይደሉም። አሜሪካዊው ሮናልድ ሬገን የቴሌቪዥን ዝግጅት አስተዋዋቂ ከነበሩ በኋላ የካሊፎርኒያ ገዥ፣ ከ1981 እስከ 1989 ደግሞ የአገራቸው ፕሬዚዳንት ሆነዋል። የዩክሬኑ ቮሎዲሚር ዘለንስኪም ከ2015 ጀምሮ «የሕዝብ አገልጋይ» በተባለ የቴሌቪዥን ድራማ ፕሬዚዳንት የሆነ የታሪክ መምህር ተጫውተው በ2019 በእውን ፕሬዚዳንት ሆነዋል። በነዚህ ሰዎች ዘንድ በቴሌቪዥን የተገኘው መታወቅ ወደ ሥልጣን የሚያደርስ መሰላል ሆኗል። ግሌንዳ ጃክሰን ግን መሰላሉን ወጥተው ሲጨርሱ ወደ ኋላ ገፍተው ጣሉት። ከተመረጡበት ቀን ጀምሮ እስኪሰናበቱ ድረስ የትወናን ሥራ አልሠሩም። ምክር ቤቱን ከቴአትር ጋር ሲያነጻጽሩም ልምምዱ ያነሰ፣ መብራቱ የከፋ፣ ድምፅም በደንብ የማይሰማበት ነው እያሉ ይቀልዱ ነበር።

የእንደራሴነት ሥራ ከሩቅ ሲታይ ንግግር ማድረግ ይመስላል። በቅርብ ሲታይ ግን አብዛኛው ባለጉዳይ ማስተናገድ ነው። ቤቱ ጠቦት ልጆቹን የሚያስተኛበት ያጣ፣ የጡረታ ገንዘቡ የዘገየበት፣ የመኖሪያ ፈቃዱ የታገደበት ሁሉ ወደ እንደራሴው ቢሮ ይመጣል። እንደራሴውም ሰምቶ፣ ደብዳቤ ጽፎ፣ መልስ ካልመጣም ደግሞ ይጽፋል። ለዚህ ሥራ ጭብጨባ የለም፤ መጋረጃም አይዘጋም።

በ1997 ፓርቲያቸው ሥልጣን ሲይዝ በጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር መንግሥት በትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የበታች ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በ1999 የለንደን ከተማ ከንቲባ ለመሆን በፓርቲያቸው ውስጥ ለመወዳደር ሲሉ ሹመቱን ለቀቁ፤ ውድድሩን ግን ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሹመት አላገኙም። በ2003 መንግሥት ጦር ወደ ኢራቅ ለመላክ ሲነሣ ከገዛ ፓርቲያቸው መሪ ጋር ተለያይተው የተቃውሞ ድምፅ ሰጡ። በ2010 ምርጫ ደግሞ ሃምፕስቴድና ኪልበርን ተብሎ በተሻሻለው ክልል 17,332 ድምፅ አግኝተው፣ 17,290 ያገኘውን ተከታያቸውን በ42 ድምፅ ብቻ አሸነፉ። ይህ በዚያ ዓመት በአገሪቱ ውስጥ ከታዩት እጅግ ጠባብ ልዩነቶች አንዱ ነው። በዓለም ሁሉ የታወቀ ስም በድምፅ መስጫው ሣጥን ፊት ከአንድ አውቶቡስ ተሳፋሪ የሚያንስ ሰው ብቻ ነው ያተረፈላቸው።

ኤፕሪል 10 ቀን 2013 የተናገሩት ንግግር በብዙዎች ዘንድ ይታወሳል። ማርጋሬት ታቸር ከሁለት ቀን በፊት አርፈው ስለነበረ ምክር ቤቱ የተሰበሰበው ለሐዘን መግለጫ ነው። ግሌንዳ ጃክሰን ግን ተነሥተው በዚያ ዘመን በምርጫ ክልላቸው ያዩትን ችግር ዘረዘሩ። የሱቆች ደጃፍ መኝታ ቤት እስከመሆን መድረሱን፣ የተማሪዎች መጻሕፍት በማጣበቂያ ተለጣጥፈው መያዛቸውን፣ ስግብግብነት እንደ ምግባር መቆጠሩን አነሡ። ከተቃራኒው ወገን የቁጣ ድምፅ ተሰማ፤ አንድ እንደራሴም ንግግሩ ሥርዓት የጣሰ ነው ሲሉ አቤቱታ አቀረቡ። አፈ ጉባኤው ግን የተጣሰ ሥርዓት የለም ሲሉ ወሰኑ። በሐዘን ቀን እንዲህ መናገር አይገባም የሚሉ አሉ፤ አስተያየታቸው ቀላል አይደለም። በኛ በኩል የምናየው ግን ተዋናይት የነበሩት ሰው ያን ቀን ያላመኑበትን ቃል ለመጫወት ፈቃደኛ አለመሆናቸውን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ከ55 እስከ 78 ዓመት ያለው ዕድሜ ለአንድ ታላቅ ተዋናይ የብስለት ዘመን ነው። ያ ሁሉ ዘመን በበታች ሚኒስትርነትና በባለጉዳይ ደብዳቤ ማለቁ ለኪነ ጥበብ ጉዳት አይደለምን? በርግጥ ጉዳት ነው። ያልተሠሩት ቴአትሮችና ፊልሞች ተመልሰው አይመጡም። በፖለቲካውም ከፍ ያለ ሥልጣን ላይ አልደረሱም። ዳሩ ግን ሂሳቡን ስናወራርድ በሌላው ወገን የሚቆጠር ነገር አለ። ቤት ያገኘ ቤተሰብና መልስ የደረሰው ጡረተኛ በታሪክ መጽሐፍ ስማቸው ባይሰፍርም በሂሳቡ ውስጥ መግባት ይኖርባቸዋል።

ደግሞም ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ2015 በገዛ ፈቃዳቸው ከምክር ቤት ተሰናብተው፣ በ2016 በ80 ዓመታቸው በለንደን ኦልድ ቪክ ቴአትር ቤት የሼክስፒርን ንጉሥ ሊርን ሆነው ብቅ አሉ። የወንድ፣ ያውም ከ3 ሰዓት በላይ የሚቆይ እጅግ አድካሚ ሚና ነው። በ2018 በኒው ዮርክ በሠሩት ቴአትር የቶኒን ሽልማት አገኙ። በ2019 ደግሞ ወደ ቴሌቪዥን ተመልሰው «ኤልሳቤጥ ኢዝ ሚሲንግ» በተባለው ድራማ የማስታወስ ችሎታዋ በሕመም እየከዳት ጓደኛዋን የምትፈልግ አሮጊት ሆነው ተጫወቱ። ለዚህም በ2020 የባፍታ ሽልማት ተሰጣቸው። ንግሥቲቱን ኤልሳቤጥ ከተጫወቱ ከ48 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። አሁን ግን ሜካፕ ሸፍኖ ያስረጀው ፊት አልነበረም፤ የኖረ ፊት ነበር። እኛ እንደምንገምተው ለዓመታት በባለጉዳይ ፊት ተቀምጦ የአረጋውያንን ብሶት ያዳመጠ ሰው፣ ያን ሚና ሲይዝ ከጽሑፍ ብቻ አይማርም።

የመጨረሻ ፊልማቸው ከማይክል ኬይን ጋር የሠሩት «ዘ ግሬት ኤስኬፐር» ነው። ፊልሙ በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል ያገለገሉ አንድ የ89 ዓመት አረጋዊ በ2014 ከሚጦሩበት ቤት ሹልክ ብለው ወጥተው፣ የኖርማንዲን ውጊያ 70ኛ ዓመት ለማክበር ፈረንሳይ መሄዳቸውን ያሳያል። ግሌንዳ ጃክሰን የአረጋዊውን ባለቤት ሆነው ተጫውተዋል። ፊልሙ ለሕዝብ ሲታይ ግን እሳቸው አልነበሩም። ጁን 15 ቀን 2023 በ87 ዓመታቸው በለንደን ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

አበው «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይላሉ። ሙያውን የሚለውጥ ሰው፣ የጦር ልብሱን አውልቆ ወደ ሲቪል ሥራ የሚገባ ወታደርም ይሁን መዶሻውን አስቀምጦ ብዕር የሚያነሣ ሠራተኛ፣ ይዞት የሚሄደውና ትቶት የሚሄደው ነገር አለ። የመድኃኒት መደብር ሠራተኛዋ፣ ንግሥቲቱ፣ እንደራሴዋና ንጉሥ ሊር በአንዲት ሴት ሕይወት ውስጥ ሲፈራረቁ ሳይለወጥ የዘለቀው በሰዓቱ መገኘትና የተሰጠን ሥራ እስከ መጨረሻው ማጥናት ነው። ዝናው ግን ከደጃፍ ቀርቷል። በ42 ድምፅ ያሸነፈ እንደራሴም በማግስቱ ጠዋት ቢሮውን ከፍቶ የመጀመሪያውን ባለጉዳይ መቀበል ይኖርበታል።